«አስቀምጥ» ሁሉ አንድ አይደለም

ሰሞኑን በፕሮግራመሮች መካከል በሰፊው ሲሰራጭ የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። የሚያነሳው ጥያቄ ጥሩ ነው። አንድ ሶፍትዌር ዳታውን በፋይል፣ በዳታቤዝ፣ በሚሞሪ ወይም በክላውድ ሊያስቀምጥ ይችላል። ታዲያ ለእነዚህ ሁሉ የሚሆን አንድ የጋራ ኢንተርፌስ፣ ማለትም ኮዱ ማከማቻውን የሚጠራበት አንድ በር፣ እንዴት ይሠራ? ጸሐፊው መልሳቸውን ጥርት ባለ ቋንቋ አቅርበዋል። ብዙ ሰው የወደደውም ለዚህ ይመስለኛል። እኔ ግን መልሱ ስህተት ነው እላለሁ። ስህተቱ ደግሞ የሰው ዳታ የሚጠፋበት ቦታ ላይ ስለሆነ በዝምታ ማለፍ ከበደኝ።

በቅድሚያ ያሉትን ሳላጣምም ላቅርብ። ማንኛውም ማከማቻ ሲጨመቅ የሚሠራው አራት ሥራ ነው ይላሉ፦ አስቀምጥ፣ አምጣ፣ አጥፋ፣ ዘርዝር። ስለዚህ አራት ሜተድ (በስም የሚጠራ ሥራ) ያለው አንድ ኢንተርፌስ ለሁሉም ይበቃል። በማከማቻዎች መካከል ያለው ልዩነት የፍጥነት ጉዳይ ስለሆነ መደበቅ አለበት። ይህ ለመቻሉ ማስረጃቸው የዩኒክስ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ፋይልና ፕሮግራሞችን ከተለያዩ ዳታቤዞች ጋር የሚያገናኘው ኦዲቢሲ ናቸው። ኢንተርፌሱ ካለ ማከማቻ መቀየር የአንድ መስመር ኮንፊገሬሽን ሥራ ይሆናል። ቴስቱን በሚሞሪ፣ እውነተኛውን ሥራ በዳታቤዝ ማስኬድ ይቻላል። አንዱ ማከማቻ ኖሮት ሌላው የሌለው ችሎታ ከኢንተርፌሱ ይውጣ። በመጨረሻም፣ ትንሽ ቡድን በዚህ ይጀምር፣ የጎደለውን ቆይቶ ይሞላዋል።

በአንድ ነገር ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። የዳታቤዝ ጥሪ በየስክሪኑና በየፋንክሽኑ የተበተነበት ኮድ መከራ ነው። የአንድ ዓምድ ስም ለመቀየር ብዙ ፋይል መክፈት ማንም አይፈልግም። በመካከል ድንበር ያስፈልጋል። ክርክሬ ድንበሩ የት ይሰመር፣ ምንስ ቃል ይጻፍበት በሚለው ላይ ነው።

ማከማቻ አራት ሥራ ብቻ ነው ስለሚለው

ስማቸውን ብቻ ካየን አራቱ ሥራዎች በእርግጥም በየማከማቻው አሉ። ስሙ ሲጠራ የሚሆነው ነገር ግን ይለያያል።

ቀላሉን «ዘርዝር»ን እንውሰድ። የአማዞን የክላውድ ማከማቻ በሆነው ኤስ3 ላይ ዝርዝር ስትጠይቁ ቁልፎቹ ተደርድረው ይመጣሉ። በአንድ ጥሪ የሚመጣው ቢበዛ 1,000 ነው፤ ቀሪውን ደግማችሁ መጠየቅ አለባችሁ። ዳታውን በዋናነት ሚሞሪ ላይ የሚይዘው የሬዲስ ዳታቤዝ «ስካን» ትእዛዝ ደግሞ ቅደም ተከተል የለውም። አንዱን ቁልፍ ሁለት ጊዜ ሊያመጣም ይችላል። ይህ ብልሽት አይደለም፣ ሰነዱ ላይ በግልጽ የተጻፈ ጠባዩ ነው። በፎልደር ውስጥ ያሉ ፋይሎችን ስትዘረዝሩ ደግሞ የዩኒክስ መሰል ሲስተሞች መስፈርት የሆነው ፖዚክስ ስለ ቅደም ተከተል ምንም ቃል አይገባላችሁም። እንግዲህ ኢንተርፌሱ ላይ «ዘርዝር» ብላችሁ ጻፋችሁ። የሚጠራው ኮድ ዝርዝሩ የተደረደረ ነው ብሎ ይመን? ድግግሞሽ የለም ብሎ ይቁጠር? ዝርዝሩ አሥር ሚሊዮን ቢሆንስ ሁሉንም ሚሞሪ ላይ ይጫን? ኢንተርፌሱ መልስ የለውም። መልስ ከሌለው መጀመሪያ የተጻፈው አዳፕተር፣ ማለትም ኢንተርፌሱን ከአንድ ማከማቻ ጋር የሚያገናኘው ኮድ፣ ያደረገው ሁሉ ሳይጻፍ ሕግ ይሆናል። ሁለተኛው አዳፕተር ሲመጣ ያ ያልተጻፈ ሕግ ይጣሳል፤ ማን እንደጣሰው ግን ማንም አያውቅም።

የባሰው «አስቀምጥ» ነው። የትኬት መሸጫ ሲስተም እናስብ። አንድ ወንበር ቀርቷል። ሁለት ገዢዎች እኩል መጡ። የመጀመሪያው ጥያቄ «አምጣ» ብሎ 1 አነበበ። ሁለተኛውም «አምጣ» ብሎ 1 አነበበ። ሁለቱም አንድ ቀንሰው 0 «አስቀምጥ» አሉ። ለሁለቱም «ተሳክቷል» ተባለ። አንድ ወንበር ለሁለት ሰው ተሸጠ ማለት ነው። ኮዱን መስመር በመስመር ብታነቡት ጥፋተኛ መስመር አታገኙም። ጥፋቱ ያለው ኢንተርፌሱ ውስጥ ነው። ከውጭ ሌላ መቆለፊያ ካልተበጀ በቀር በአራቱ ሜተዶች ብቻ ይህን ማስተካከል አይቻልም።

የሚያስቆጨው ማከማቻዎቹ ራሳቸው ይህን መፍታት መቻላቸው ነው። ዳታን በሰንጠረዦች የሚይዘው ሪሌሽናል ዳታቤዝ ፖስትግሬስ «ቀሪው ከዜሮ በላይ ከሆነ ብቻ ቀንስ» የሚል አንድ የማሻሻያ ትእዛዝ (አፕዴት) ይበቃዋል። የአማዞን ዳታቤዝ የሆነው ዳይናሞዲቢ ቅድመ ሁኔታ ያለው ጽሕፈት አለው። ሬዲስ በሉዋ ቋንቋ የተጻፈ አጭር ስክሪፕት በመሃል ማንም ሳይገባበት ያስኬዳል። ኤስ3 እንኳ ከ2024 ጀምሮ «ከሌለ ብቻ ጻፍ» እና «ካልተቀየረ ብቻ ጻፍ» የሚሉ ጥያቄዎችን ይቀበላል። ሁሉም የሚያውቁትን ነገር ኢንተርፌሱ እንዳይናገሩት አፋቸውን ዘጋባቸው።

መፍትሔው አምስተኛ ሜተድ መጨመር አይደለም። ኢንተርፌሱ «ወንበር ያዝ» የሚል ሥራ ይኑረው። ትዕዛዙ የትኛው ዝግጅት፣ ስንት ወንበር የሚለውን ይቀበላል። «ተይዟል» ወይም «አልቋል» ብሎ ይመልሳል። ሁለት ሰው አንድ ወንበር እንደማያገኝ ቃል ይገባል። እያንዳንዱ አዳፕተር ያንን ቃል በራሱ መንገድ ይፈጽመዋል። ፖስትግሬስ በአፕዴቱ፣ ሬዲስ በስክሪፕቱ። ከላይ ያለው ኮድ እንዴት እንደተፈጸመ አያውቅም፣ ማወቅም የለበትም። መደበቅ ማለት ለእኔ ይህ ነው። ጸሐፊው ኢንተርፌሱን የቀዱት ማከማቻዎች ከሚጋሩት ስም ነው። መቀዳት ያለበት ግን አፕሊኬሽኑ ከሚፈልገው ሥራ ነው።

ማንበብም ላይ ያው ነው። መቶ ትዕዛዞችን ከነደንበኞቻቸው ስም ማሳየት ብትፈልጉ በአራቱ ሜተዶች ዝርዝሩን አንድ ጊዜ፣ ደንበኞቹን መቶ ጊዜ ትጠይቃላችሁ። በድምሩ 101 ጥሪ ነው። «የቅርብ ትዕዛዞችን ከነደንበኛ አምጣ» የሚል አንድ ሥራ ቢኖር ሪሌሽናል ዳታቤዙ ሰንጠረዦችን በሚያጣምር አንድ ጥያቄ (ጆይን) ይጨርሰው ነበር።

ልዩነቱ የፍጥነት ብቻ ነው ስለሚለው

ከጽሑፉ ሁሉ አጥብቄ የምቃወመው ይህን ነው። «አስቀምጥ» ያለ ስህተት ሲመለስ ምን ቃል ተገባላችሁ? ሚሞሪ ላይ ከሆነ ዳታው ፕሮግራሙ እስካለ ይኖራል። ፋይል ላይ ከሆነ ብዙውን ጊዜ የደረሰው እስከ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ካሽ (ሚሞሪ ላይ ያለ ጊዜያዊ ማቆያ) ድረስ ነው። መብራት ቢጠፋ ሊጠፋ ይችላል። እስከ ዲስክ እንዲወርድ «ኤፍሲንክ» የሚባለውን ጥሪ መጨመር አለባችሁ። ሬዲስ በየሰከንዱ ወደ ዲስክ እንዲጽፍ ከተደረገ የመጨረሻዋን አንድ ሰከንድ ገደማ ልታጡ ትችላላችሁ። ፖስትግሬስ በተለመደው አቀማመጡ «ኮሚት ተደርጓል» (ለውጡ ጸድቋል) የሚለው የለውጥ መዝገቡ ዲስክ ላይ ከወረደ በኋላ ነው። አራቱም «ተቀምጧል» አሉ። ክፍያ የምትመዘግቡ ከሆነ በአራቱ መካከል ያለው ልዩነት ገንዘብ ነው። ለዚህ የፍጥነት ልዩነት የሚል ስም መስጠት አንባቢን ያሳስታል።

ቀጥሎ ያስቀመጣችሁት መቼ ይታያል የሚለው አለ። ኤስ3 በ2006 ሥራ ሲጀምር፣ ከዚያም በኋላ ለረጅም ዓመታት፣ ነባር ፋይል ላይ ደርባችሁ ጽፋችሁ ወዲያው ብታነቡ የድሮውን ልታገኙ ትችሉ ነበር። አማዞን ይህን የቀየረው በታኅሣሥ ወር 2020 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ዳይናሞዲቢ ዛሬም ካልተነገረው በቀር የሚያነበው ትንሽ ሊዘገይ በሚችለው መንገድ ነው። የመጨረሻውን የግድ ማየት እፈልጋለሁ ካላችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ፤ ለዚያ ንባብ የሚቆጠርባችሁ የማንበብ አቅም ግን እጥፍ ነው። እንግዲህ ተጠቃሚው ስልክ ቁጥሩን ቀየረ፣ ቀጣዩ ገጽ ላይ የድሮውን አየ፣ እንደገና ቀየረ። ይህን የፈቀደው «አምጣ» የሚለው ቃል ነው፤ ስለ ትኩስነቱ ምንም አላለምና።

መጠንም እንዲሁ። ዳይናሞዲቢ አንድ መዝገብ ከ400 ኪሎባይት በላይ አይቀበልም። ሞንጎዲቢ የተባለው ዳታቤዝ እስከ 16 ሜጋባይት ይሄዳል። የቁልፉ ስም ራሱ ወሰን አለው። ሊነክስ ላይ በሚበዛው ኤክስት4 ፋይልሲስተም የፋይል ስም ቢበዛ 255 ባይት ነው፣ በኤስ3 ደግሞ ቁልፍ 1,024 ባይት። የግዕዝ ፊደል ፊደላትን ወደ ባይት በሚቀይረው ዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ስለሚወስድ 255 ባይት ማለት 85 ፊደል ብቻ ነው። የሰነድ ርዕስን የፋይል ስም አድርጎ የሚያስቀምጥ ሶፍትዌር በላቲን ፊደል ሲፈተሽ አልፎ በአማርኛ ርዕስ ሊወድቅ ይችላል። የጋራ ኢንተርፌስ እነዚህን ወሰኖች የራሱ ማድረግ አለበት። «ቁልፍ ከ200 ባይት አይበልጥም፣ ይዘት ከ300 ኪሎባይት አይበልጥም» ብሎ ራሱ ይወስን፣ ራሱ ይከልክል። ያኔ ፋይልም ሆነ ዳይናሞዲቢ ከታች ቢሆን የሚጠራው ኮድ የሚያየው አንድ ዓይነት ጠባይ ነው።

ዩኒክስና ኦዲቢሲ ማስረጃ ናቸው ስለሚለው

ሁለቱም ታላላቅ ሥራዎች ናቸው፤ ጸሐፊው እነሱን ማንሳታቸው ተገቢ ነው። ሰን ማይክሮሲስተምስ በ1985 ሰንኦኤስ 2.0 በተባለው ዩኒክሱ ላይ ለልዩ ልዩ ፋይልሲስተሞች የጋራ ኢንተርፌስ የሆነውን ቪኤፍኤስን ሲያስገባ አንድ ፕሮግራም በራሱ ዲስክ ላይ ያለን ፋይልና በኔትወርክ በኤንኤፍኤስ የሚመጣን ፋይል በተመሳሳይ ጥሪ መክፈት ቻለ። ዛሬ ድረስ የምንኖረው በዚያ ሐሳብ ላይ ነው። ግን ታሪኩን እስከ መጨረሻው እንከተለው።

በ2018 የፖስትግሬስ ሠሪዎች አንድ የሚያስደነግጥ ነገር ገጠማቸው። ሊነክስ ላይ ወደ ዲስክ መጻፍ ሲያቅት «ኤፍሲንክ» ስህተት ይመልሳል። እስከዚህ ደህና። ፖስትግሬስም ቆየት ብሎ ደግሞ ይሞክራል። ሁለተኛው ሙከራ «ተሳክቷል» ይላል። ዳታው ግን ዲስክ ላይ የለም። ሊነክስ መጻፍ ያቃተውን የሚሞሪ ገጽ ካሽ ውስጥ «ንጹሕ» ብሎ ምልክት አድርጎበት ስለነበር ሁለተኛው ሙከራ የሚጽፈው ነገር አላገኘም። ሌላው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ፍሪቢኤስዲ ግን ገጹን እንዳልተጻፈ አድርጎ ያቆየዋል፤ ስለዚህ እዚያ እንደገና መሞከር ትርጉም አለው። ጥሪው አንድ፣ ስሙ አንድ፣ የፖዚክስ መስፈርት አንድ። ከስህተት በኋላ የሚሆነው ግን የተለያየ። ፖስትግሬስ በ2019 ባወጣቸው እትሞች «ኤፍሲንክ» ሲወድቅ ሰርቨሩ ሆን ብሎ እንዲቆምና ከለውጥ መዝገቡ እንዲነሳ አደረገ። በዓለም ላይ በጥንቃቄያቸው የሚታወቁ የዳታቤዝ ሰዎች ይህ ካመለጣቸው፣ አራት ሜተድ ጽፈን ልዩነቱን ደበቅነው ማለት አንችልም።

ኦዲቢሲ ደግሞ ለጸሐፊው ሐሳብ የተቃራኒው ማስረጃ ነው። ማይክሮሶፍት በ1992 ሲያወጣው ድራይቨሮች (የየዳታቤዙ ማገናኛዎች) ሁሉ እኩል ናቸው አላለም። የብቃት ደረጃ አበጀላቸው። ፕሮግራሙ ድራይቨሩን «ይህን ትችላለህ ወይ?» ብሎ የሚጠይቅበት ጥሪም ጨመረ። በ1997 ከጃቫ 1.1 ጋር የመጣው የጃቫ ቋንቋ ዳታቤዝ ማገናኛ ጄዲቢሲም ስለ ዳታቤዙ ችሎታና ጠባይ የሚመልሱ ከመቶ በላይ ሜተዶች ያሉት ኢንተርፌስ አለው። ሁለቱም የሚያስተካክሉት ግንኙነቱን፣ የጥያቄውን መላክና የመልሱን አነባበብ ነው። ለኦራክል ዳታቤዝ የጻፋችሁትን የኤስኪውኤል ጥያቄ ለማይኤስኪውኤል ዳታቤዝ እንዲሆን ሙሉ ለሙሉ አይተረጉሙላችሁም። ኦራክል ባዶ ጽሑፍን እንደ ነል (ዋጋ እንደሌለው) ይቆጥራል፣ ብዙዎቹ ሌሎች አይቆጥሩም። ጄዲቢሲ ይህን ልዩነት ለመደበቅ አልሞከረም። ዕድሜው የረዘመው የማይችለውን ስላልቀባጠረ ነው ብዬ አምናለሁ።

ጸሐፊው ያልጠቀሱት፣ ለእሳቸው ሐሳብ ግን ይበልጥ የሚቀርበው ምሳሌ ብዙ ዳታን በብዙ ኮምፒውተሮች የሚያቀናብረው ሀዱፕ ነው። ሀዱፕ «ፋይልሲስተም» የሚል የጋራ ኢንተርፌስ አለው፤ ከሥሩ የራሱ ማከማቻ ኤችዲኤፍኤስም፣ ኤስ3ም ሊኖር ይችላል። ሥራዎቹ ውጤታቸውን መጀመሪያ ጊዜያዊ ፎልደር ውስጥ ይጽፋሉ። ሲጨርሱ የፎልደሩን ስም ወደ መጨረሻው ስም ይቀይራሉ። በኤችዲኤፍኤስ ላይ ስም መቀየር ቅጽበታዊ ነው፤ ወይ ሙሉው ይሆናል፣ ወይ ምንም አይሆንም። ተራው ኤስ3 ግን ስም መቀየር የሚባል ነገር የለውም። አዳፕተሩ እያንዳንዱን ፋይል ይገለብጣል፣ ከዚያ ዋናውን ያጠፋል። በዳታው ልክ ጊዜ ይፈጃል። መሃል ላይ ቢቋረጥ ግማሹ አዲሱ ቦታ፣ ግማሹ የድሮው ቦታ ይቀራል። ሜተዱ ያው ነው፣ ኮዱም ኮምፓይል ያደርጋል። የሥራው ሁሉ ዋስትና ግን ተንዷል።

ያገኙት መፍትሔ ያስተምራል። ሀዱፕ 3.1 ላይ ለኤስ3 የተለዩ ኮሚተሮች (የሥራን ውጤት የሚያጸድቁ ክፍሎች) ገቡ። ፋይሉን በክፍል በክፍል ይልኩና የመጨረሻዋን «አጠናቅቅ» የምትል ጥሪ ሥራው እስኪጸድቅ ያዘገያሉ። እስከዚያ ፋይሉ ለማንም አይታይም። ልብ በሉ፣ «ስም ቀይር»ን ማስመሰል ትተው «ውጤቱን አጽድቅ» ወደሚለው ፍላጎት ከፍ አሉ። ከዚህም ሌላ የፋይልሲስተሙን ኢንተርፌስ ጠባይ የሚገልጽ ዝርዝር ሰነድና ማንኛውም አዳፕተር የሚፈተንባቸው የውል ቴስቶች አሏቸው። ይህን ሁሉ የደከሙት ስም መጋራት እንደማይበቃ ስላዩ ነው።

ማከማቻ በአንድ መስመር መቀየር ስለሚባለው

መስመሩን መቀየር ይቻላል። ዳታው ግን የድሮው ቦታ ነው ያለው። ሲስተሙ ሳይቆም ለማዛወር ለተወሰነ ጊዜ ሁለቱም ላይ መጻፍ፣ የድሮውን ዳታ መገልበጥ፣ ሁለቱን ማወዳደር፣ ንባቡን ማዞር፣ ከዚያ የድሮውን መተው ነው። እዚህ ላይ ለጸሐፊው ተገቢውን ልስጣቸው፦ ጥሩ ድንበር ካለ ሁለቱም ላይ የሚጽፈው አዳፕተር ከድንበሩ ጀርባ ይቀመጣል፣ የቀረው ኮድ ምንም አያውቅም። ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ግን አንዱ ጽሕፈት ተሳክቶ ሌላው ሲወድቅ ምን እንበል? የትኛው ነው እውነተኛው? ይህን ለመመለስ ኢንተርፌሱ የገባው ቃል መኖር አለበት። ቃል የሌለበት ኢንተርፌስ ላይ የሚደረግ ዝውውር የሚፈጸመው በግምት ነው።

ቴስት በሚሞሪ ስለሚለው

የሚሞሪ አዳፕተር ጠቃሚ ነው፣ እኔም እጠቀምበታለሁ። ፈጣን ነው፣ ምንም መጫን አያስፈልገውም። ሥራው ዳታቤዙ ላይም እንደሚሳካ ማረጋገጫ አድርጎ መያዙ ግን አደገኛ ነው።

ሚሞሪ ላይ ያለ ማከማቻ ብዙ ጊዜ የሚመልሰው ያንኑ ኦብጀክት ነው። «አምጣ» ብላችሁ የመጣውን ብትቀይሩት፣ «አስቀምጥ» ሳትሉም ማከማቻው ውስጥ ያለው ይቀየራል። ስለዚህ «አስቀምጥ» ማለት የረሳ ኮድ ቴስቱን ያልፋል። ዳታቤዝ ላይ ሲሄድ ለውጡ የለም። ጊዜም አለ። ፖስትግሬስ ሰዓትን እስከ ማይክሮሰከንድ፣ ሞንጎዲቢ እስከ ሚሊሰከንድ ነው የሚይዙት። ያስቀመጣችሁትንና ያመጣችሁትን ሰዓት ብታወዳድሩ እኩል ላይሆኑ ይችላሉ፣ ሚሞሪ ላይ ግን ሁልጊዜ እኩል ናቸው።

ሚሞሪ በጭራሽ የማያሳያችሁ ሌላም መልስ አለ፦ «አላውቅም»። ኔትወርክ ላይ ያለ ማከማቻ ጋር ስትነጋገሩ ጥሪው ይሳካል፣ ይወድቃል፣ ወይም ጊዜው ያልቃል። ጊዜው ሲያልቅ ጽሕፈቱ ደርሶ መልሱ ይሁን የጠፋው፣ ወይስ ጽሕፈቱ ራሱ አልደረሰም፣ አይታወቅም። እንደገና ልሞክር? ክፍያ ከሆነ ሁለት ጊዜ ሊመዘገብ ነው። ለዚህ ኢንተርፌሱ ለእያንዳንዱ ጥያቄ መለያ ቁጥር መቀበልና «ይህን ቁጥር ሁለት ጊዜ ብትልክም አንዴ ብቻ ይፈጸማል» ብሎ ቃል መግባት አለበት። በአራቱ ሜተዶች ውስጥ ይህ የለም፣ በሚሞሪ ቴስትም ጉድለቱ አይታይም።

አንዳንዶች ሚሞሪውን ትተው ቴስቱን ኤስኪውላይት በተባለው ትንሽ ዳታቤዝ፣ ሥራውን በፖስትግሬስ ያስኬዳሉ። እሱም ቢሆን ያው ነው። ኤስኪውላይት ካልከለከላችሁት የቁጥር ዓምድ ውስጥ ጽሑፍ ይቀበላል። ፎሪን ኪይን (አንዱ ሰንጠረዥ ወደ ሌላው የሚጠቁምበትን ሕግ) በተለመደው አቀማመጡ አያስከብርም፣ ማብራት አለባችሁ። ከትንሽ ወደ ትልቅ ሲደረድር ነል የሆኑትን ከፊት ያመጣል፣ ፖስትግሬስ ከኋላ።

የሚሻለው አንድ የውል ቴስት መጻፍና በሁሉም አዳፕተሮች ላይ ማስኬድ ነው፣ ሚሞሪውም ጭምር። ሁለት ክሮች (እኩል የሚሮጡ የፕሮግራሙ ክፍሎች) የመጨረሻውን ወንበር እኩል ቢጠይቁ አንዱ ብቻ ይሳካለታል። ካመጣሁት በኋላ ብቀይረው፣ አስቀምጥ እስካላልኩ ማከማቻው አይነካም። ያንኑ መለያ ቁጥር ደግሜ ብልክ ሁለተኛ መዝገብ አይፈጠርም። ሚሞሪው ይህን ፈተና ካለፈ በእሱ ላይ መመካት ይቻላል። ባርባራ ሊስኮቭ ከ1987 ጀምሮ ያስተማረችን ይህንኑ ነው፦ አንዱ በሌላው ሊተካ የሚችለው ጠባዩም ሲጠበቅ ነው።

ልዩ ችሎታን ስለማውጣት

ጸሐፊው «ይህን ትችላለህ?» የሚሉ ጥያቄዎች ኮዱን በኢፍ (በ«ከሆነ» ፍተሻ) ይሞሉታል ብለው ይሰጋሉ። ስጋታቸው ትክክል ነው። ችሎታውን ማውጣት ግን መፍትሔ አይሆንም። ፖስትግሬስን የመረጣችሁት ለትራንዛክሽኑና ለፍለጋው ከሆነ፣ እነሱን ከልክላችሁ ቁልፍና ይዘት ብቻ ስታስቀምጡበት ጣጣውን ተሸክማችሁ ጥቅሙን ትታችኋል። ትልቁን ኢንተርፌስ በትናንሽ ኢንተርፌሶች ክፈሉት። መፈለግ የሚችል አዳፕተር የፍለጋውን ኢንተርፌስ ይፈጽም፣ የማይችል አይፈጽም። ፍለጋ የሚያስፈልገው ክፍል ያንን ኢንተርፌስ ብቻ ይጠይቅ። የማይችል አዳፕተር ቢሰጠው ኮምፓይለሩ ራሱ ይቃወማል፤ ኢፍም አያስፈልግም።

ትንሽ ቡድን በዚህ ይጀምር ስለሚለው

ለትንሽ ቡድን የማዝነው እዚህ ላይ ነው፤ ቆይቶ የሚሞላው ጉድለት እስከዚያ ድረስ የተሳሳተ ዳታ ሲያከማች ይቆያልና። አንድ ዳታቤዝ ብቻ ካላችሁ የጋራ ኢንተርፌስ ገና አያስፈልጋችሁም። የዳታ ሥራውን አንድ ሞጁል ውስጥ ሰብስቡ፣ ፋንክሽኖቹን በሚሠሩት ሥራ ሰይሙ፣ የዳታቤዙን ኃይል ያለ ፍርሃት ተጠቀሙ። ሁለተኛ ማከማቻ በእርግጥ ሲመጣ ኢንተርፌሱን ከእነዚያ ፋንክሽኖች ማውጣት የቀናት ሥራ ነው፤ ምን ቃል መግባት እንዳለበትም በዚያን ጊዜ ታውቃላችሁ።

በአራቱ ሜተዶች የተሠራ ሲስተም ቀድሞውኑ ያላችሁ ደግሞ ሁሉንም አፍርሳችሁ እንደገና አትጀምሩ። ኮዳችሁ ውስጥ በአንድ ፋንክሽን «አምጣ» ተብሎ፣ ተቀይሮ፣ «አስቀምጥ» የተባለበትን ቦታ ሁሉ ፈልጉ። ሁለት ጥያቄዎች እኩል ሲመጡ ዳታ የሚበላሸው እዚያ ነው። እያንዳንዱን ስም ወዳለው አንድ ሥራ ለውጡት፣ የውል ቴስት ጻፉለት። ገንዘብ፣ ትኬትና የዕቃ ቆጠራ ከሚነኩት ጀምሩ።